ጠባሳ የማይተው አገር

ጋሽ ወልደትንሣኤ ሞቷል፤ ሙዚቃው ግን አልሞተም። በጌጃ ሰፈር፣ በእትዬ ታየች ግቢ፣ ከበሩ በስተግራ ባለችው አንዲት ክፍል ሟቹ አልጋው ላይ ተኮማትሮ ተኝቷል። ከራስጌው የተከፈተው ላፕቶፕ የአሜሪካ ፒያኖ ያንቆረቁራል። የሰፈሩ ግማሽ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ቀሪው ግማሽ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ኢንስፔክተር ዲንቄ ደፉ ላይ ቆማ መጀመሪያ ያዳመጠችው ሙዚቃውን ነበር። አጭር፣ ደረቅ ያለች ሴት ናት። ሰው ሲዋሽ ጆሮዋን ያሳክካታል ይባላል። በዚህ የተነሣ ሊደታ ውስጥ ትንኝ ነክሷት ጆሮዋን ብታክ እንኳ ሁለት ኪስ አውላቂዎች ሳይጠየቁ ይናዘዛሉ።

«ይኼ ምንድነው የሚዘፍነው?»

«ኢንሹራንሱ ነው» አለች ኣድያም፣ የሟቹ የእህት ልጅ። ሜክሲኮ ካሉት ባንኮች ባንዱ ትሠራለች፤ ከሥራ ተጠርታ መምጣቷ ነው፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «አሜሪካ ያለው የጤና ኢንሹራንሱ። ሲደውልላቸው እንዲህ እያዘፈኑ ያስጠብቁታል። በኢንተርኔት ነፃ መስመር ነው። እነሱ ቢሮ ሲገቡ እዚህ አመሻሽ ነው፤ በየቀኑ ይደውላል።»

«በየቀኑ? መልስ አይሰጡትም?»

«እኔ ሳልመረቅ ነው የጀመረው።»

ይኼን ተናግራ አፏን ሳትዘጋ ፒያኖው ቀጥ አለ። አንዲት ሴት፣ ሠርግ ላይ እንግዳ የምትቀበል በሚመስል ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ ተናገረች። አጥሩ ላይ የነበሩት በድንጋጤ ወረዱ።

«"ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን፣ ምን ልታዘዝ?" ትላለች» ብላ ኣድያም አስተረጎመች።

«ሞቷል በያት።»

ኣድያም ነገረቻት፤ አዳመጠች፤ ፊቷን አጨማደደች። «በጣም አዝናለሁ አለች። ግን የእሱን ጉዳይ ለሌላ ሰው ለመንገር የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። መስመር ላይ ታቀርቡልኛላችሁ ወይ ትላለች።»

«ሬሳውን?»

«ካልተመቸው ፈርሞ ይላክ ትላለች።»

ዲንቄ ወደ አልጋው ጎንበስ አለች። በሟቹ ቀኝ እጅ ውስጥ ላብ ያወየበው የኢንሹራንስ ካርድ አለ። በመሐረብ ይዛ ከጣቶቹ መሐል አወጣችውና ለኣድያም ፊት አቆመችው። «ቁጥሩን አንብቢላት። የልደት ቀኑንም ንገሪያት። ከዚያ "እኔው ነኝ" በያት።»

«እኔ? በዚህ ድምፄ ወልደትንሣኤ ነኝ ልበል?»

«በያት።»

ኣድያም ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ አለች። ሴትዮዋ ምንም አልከበዳትም። ሰውየው መሞቱን የነገረቻት ይህችው ድምፅ መሆኗም አላስጨነቃትም። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ለኢንሹራንሱ ደግሞ ቁጥሩ ካለ ሰውየው አለ።

«"እሺ አቶ ወልደትንሣኤ" እያለችኝ ነው» አለች ኣድያም በሹክሹክታ። «"ስለ ትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምናዎ ይግባኝ ነው የደወሉት? ሆስፒታሉ ከእኛ ጋር ውል አለው። የቀደደዎት ሐኪምም ውል አለው። ማደንዘዣ የሰጠዎት ሐኪም ግን ውል ስለሌለው የእሱን ክፍያ እርስዎ ይችሉታል።"»

«እና ሳያደነዝዙ ይቅደዱት ነበር?» ብላ እትዬ ታየች ከውጭ ጮኸች። የግቢው ባለቤት ናት፤ ያልተጠየቀችውን ሁሉ የምትመልስ።

«ጠይቂያት» አለች ዲንቄ። «እዚህ አገር ሳለ በድንገት ቢታመምስ ይከፍሉለታል?»

«ይከፍላሉ። ድንገተኛ ከሆነ። ድንገተኛ መሆኑን ቀድሞ ካስታወቀ።»

«ድንገተኛውን ቀድሞ?»

«እንደሱ ነው የምትለኝ።»

ሴትዮዋ መልካም ቀን ተመኝታ ዘጋች። ጋሽ ወልደትንሣኤ ስልኩ ተነሥቶለት ዝም ያለው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዲንቄ ሰዉን አስወጥታ ከሬሳው ጋር ብቻዋን ቀረች። ቀኝ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ታጥፏል። ሸሚዙን ገለጥ አደረገች። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ቆዳው ግን ንጹሕ ነው፤ እምብርቱም ዙሪያውም እንደ ሕፃን ልጅ ሆድ ነው። እጆቹን፣ አንገቱን፣ ጀርባውን አየች። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረች። ሁለት ወንበር አለ፤ አንደኛው መቀመጫው በልብስ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ሁለተኛው ላይ አቧራው በጣት ያስጽፋል። ግድግዳው ላይ ያደገባት የድሮዋ ሰንጋ ተራ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ። አሁን እዚያ ቦታ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ አብረውት ያደጉት ሰዎች ከተማው ጫፍ ጫፍ ላይ ተበትነዋል። ሃያ ዓመት አሜሪካ የሰው መኪና በማቆም ሥራ ኖሮ የተመለሰ ሰው ሰፈሩ ሲመጣ ሰፈሩ ሄዶ ጠበቀው።

«የዱላ ምልክት አገኙበት?» አለች ኣድያም ዲንቄ ስትወጣ።

«ምንም ምልክት የለበትም» አለች ዲንቄ፤ «አንድም።» ይህን ስትናገር የሚበላ ነገር እንዳገኘ ሰው አፏን መጠጠች።

«ምልክት ምን ያደርጋል፣ ገዳይዋ ተይዛለች!» አለች እትዬ ታየች። «ያቺ ዘኪያ! ከፊት ለፊቱ ያለችው ተከራዬ። ትናንት ሰኞ ደህና ሆኖ ተነሥቶ ሳለ አጥሚት አጠጣችው። ወዲያው አስመለሰው፤ ይኸው ዛሬ ሞተ። ከጽዋው የቀረውን ድመቴ ላሰችና ድፍት አለች!»

«እዚያው?»

«እዚያው! ሦስት ጊዜ ተንፈራግጣ!»

አጥሩ ላይ ያለ አንድ ሰው አምስት ጊዜ ነው አለ። ሌላው ድመቷ ከመሞቷ በፊት እንደ ሰው ማቃሰቷን በጆሮው ሰምቷል። ዲንቄ ጆሮዋን አከከች። ቀና ብላ ጣሪያው ላይ እያዛጋች የምትታጠበውን ግራጫ ድመት በጣቷ አሳየች። «ያቺ ማናት?»

እትዬ ታየች አየችና ትንሽ አሰበች። «እሷማ… እህቷ ትሆናለች።»

ዘኪያ ጣቢያው ውስጥ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ከወሎ ከመጣች አሥር ዓመቷ ነው፤ ከግቢው በር ላይ ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጣለች። ሻሿ ላይ የዘይት ፍንጣቂ አለ። ከነገ ወዲያ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ የአስከሬን ምርመራው ተራ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ቀጠሮ እንደሚጠየቅባት የሚያውቅ የለም።

«አጥሚቱን ለምን ሰጠሽው?» አለቻት ዲንቄ አጠገቧ ተቀምጣ።

«ስላልበላ ነዋ፣ የኔ እህት! ከዓርብ ጀምሮ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት ሰነበተ። እሑድ ሌሊት ክፉኛ ጮኸ፤ ከዚያ ጭጭ። ጠዋት ምን ብሎ ቢወጣ ጥሩ ነው? "ዘኪያ፣ በእጅ እንዳነሡት ጥርግ አለልኝ።" እየሳቀ! ደስ ቢለኝ ሞቅ ያለ ነገር አደረግሁለት። ወላሂ ራሴም ጠጥቻለሁ።»

«ሕመሙ እያደር ነው የለቀቀው ወይስ በአንድ ጊዜ?»

«አልኩሽ እኮ፤ በአንድ ጊዜ።»

«እሱ ጋ ማን ይመጣል?»

«ማን ይመጣል? ኣድያም በወር አንዴ። ያ አሜሪካ አብረው የነበሩት ጓደኛው፣ አቶ ፀጋዘአብ፣ ከመጣ ወዲህ ብቅ ይል ነበር፤ እሱም አይቀመጥም፤ ቆሞ አውርቶ ይሄዳል።» ዘኪያ የሻሿን ጫፍ ጠቀለለች። «እኔ ጠዋት "እንዴት አደርክ፣ ጋሽዬ?" እለዋለሁ። "ደህና፣ ዘኪያ" ይላል። ብሎ አይሄድም። ሌላ ቃል የምጨምርለት መስሎት ቆሞ ይቆያል። እኔ ደግሞ ዘይት እሳት ላይ ጥጄ… የምን ወሬ? ማታ በግድግዳው ያን ሙዚቃ ስሰማ፣ በቃ ሰው ይዟል ብዬ እተኛለሁ።»

ዲንቄ ማስታወሻዋን ዘጋች።

«ጥፋተኛ አይደለሽም ብትሉኝስ» አለች ዘኪያ፤ «መርዘኛ ከተባለ እጅ ማን ሳምቡሳ ይገዛል? ሰበቡ ካልታወቀ እኔ በሕይወት እያለሁ አልቆልኛል።»

ጋሽ ወልደትንሣኤ ቅዳሜ የታየበት ክሊኒክ ከግቢው በሁለት መታጠፊያ ነው። ዶክተር ሙከሚል ገና ጢሙ ያልሞላ፣ ሲናገር ስቴቶስኮፑን የሚጠመዝዝ ወጣት ነው።

«ሦስት ሆነው ነው ያመጡት» አለ። «አከራይዋ፣ የእህቱ ልጅና ጓደኛው። ቀኝ ጎኑን ስነካው ጮኸ። ትርፍ አንጀት ነው ብዬ ወደ ሆስፒታል ልጽፍለት ብዕር አነሣሁ።»

«ለምን አልጻፍክም?»

«አከራይዋ "ምን ትርፍ አንጀት አለውና? አሜሪካ አውጥተውለታል፤ አገር ያውቃል!" አለችኝ። ልጅቷም አዎ አለች። "ጠባሳ የለውም እኮ" ስል ሦስቱም ሳቁብኝ። "የአሜሪካ ሥራ ነዋ! እነሱ ጠባሳ አይተዉም። የዚህ አገር መሰለህ?" አሉኝ።»

«ማንኛቸው?»

«ተቀባብለው ነው ያሉት። እኔ እንጃ። አፈርኩ።» ስቴቶስኮፑ ክፉኛ ተጠመዘዘ። «በጠባብ ቀዳዳ እንደሚሠራ ተምሬአለሁ፤ ሲሠራ ግን ዓይቼ አላውቅም። በሽተኛውን ራሱን "እውነት ነው፣ አባቴ?" አልኩት። ዓይኑን ገልጦ ያመጡትን ሰዎች አየ። ከዚያ "አዎ" አለኝ። ማስታገሻ ሰጥቼ፣ ካልተሻለው ይመለስ ብዬ ሸኘሁት።»

«ንገረኝ እስቲ፤ ትርፍ አንጀት ያመመው ሰው ሌሊት ጮኾ ጠዋት በአንዴ ሊድን ይችላል?»

«ሊመስል ይችላል» አለ ዶክተሩ። «ሲፈነዳ ውጥረቱ ይለቅና ለጥቂት ሰዓት የዳነ ይመስላል። ከዚያ መግሉ ሆድ ውስጥ…» ቃሉን ሳይጨርስ ፊቱ ነጣ። «ግን እሱ ትርፍ አንጀት የለውም!»

«አንድ ሰው ሁለት ኖሮት አንዱን ሊያወጣ ይችላል?»

«አይችልም!»

«እኔም እንደሱ መስሎኝ ነው» አለች ዲንቄ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ። ከዚያ አስከሬን ወደሚመረመርበት ሆስፒታል ደወለች። ሙሉው ምርመራ ተራውን ይጠብቅ፤ እንደ ውለታ ግን ነገ በጠዋት አንዲት ቦታ ብቻ ይዩላት።

አቶ ፀጋዘአብን ያገኘችው ሜክሲኮ ነው፣ ለባቡሩ ከተቆፈረው ጉድጓድ ፊት ለፊት ባለ ካፌ። አደባባዩ ተገልብጦ አፈሩ ሰማይ ሆኗል፤ ማኪያቶ ያዘዘ ሰው ግማሹን አቧራ ይጠጣል። ፀጋዘአብ ስድሳ ሊደፍን የተቃረበ፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ስድስት ወር ሊቆይ መጥቶ አራቱን ጨርሷል። ሲመለስ የዜግነት ቃለ መጠይቅ ይጠብቀዋል።

«አሜሪካ ሆስፒታል ማለት፣ የኔ እመቤት፣ ከሊደታ ይሰፋል» አለ። «አንዱ ሐበሻ ጥርሱን ሊያሳይ ገብቶ መውጫው ጠፍቶት እዚያው ጡረታ ወጣ።»

«ኢንሹራንሱስ?»

«እሱን ተይው! መጀመሪያ በየወሩ ትከፍያለሽ። ስትታመሚ ደግሞ "እስኪበቃን ከኪስሽ ክፈይ፣ ከዚያ እኛ እንጀምራለን" ይሉሻል። እስኪበቃቸው ድረስ ስትከፍይ ዓመቱ ያልቅና እንደገና ከዜሮ! ልክ ላዳ ውስጥ ገብተሽ፣ ሾፌሩ "እስከ ሳር ቤት ግፊ፣ ከዚያ አስነሣዋለሁ" እንደሚልሽ።»

ዲንቄ ሳቀች፤ ከልቧ ነበር። «ኢንሹራንስ የሌለውስ?»

«የሌለውማ አይታመምም» አለ ፀጋዘአብ። ሳቁ ትንሽ ዘግይቶ ደረሰ።

«ጋሽ ወልደትንሣኤ ትርፍ አንጀቱን ሲያወጣ አብረውት ነበሩ?»

«እንዴታ! አንድ ክፍል ነበር የምንኖረው። ያስታመምሁት እኔ ነኝ።»

«በጣም ተሠቃየ?»

«ምን ሥቃይ አለው? ሦስት ቀዳዳ ነው፤ አንዱ እምብርት ውስጥ። እንዲያውም ሆድሽን አይደለም የሚያምሽ። ጋዝ ነው የሚነፉብሽ፤ ስትነቂ ያ ጋዝ ሽቅብ ይወጣና እዚህ ጋ» ብሎ በአውራ ጣቱ ቀኝ ትከሻውን ጫን አደረገ፤ «እንደ ጩቤ ይይዝሻል። መተኛት የለ፣ መቀመጥ የለ። ለሳምንት ሰው ትከሻዬን እንዳይነካኝ ብዬ…» ቆመ። «ብሎ ይለምነኝ ነበር። ምስኪን።»

ዲንቄ ማኪያቶዋን አማሰለች። ጆሮዋን ማከክ አማራት፤ ግን ተወችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እትዬ ታየች ግቢ ውስጥ አግዳሚና በርጩማ ወጣ። እትዬ ታየች፣ ኣድያም፣ ዶክተር ሙከሚልና አቶ ፀጋዘአብ ተቀመጡ። ዘኪያ በፖሊስ ታጅባ ስትገባ እትዬ ታየች በርጩማዋን ወደ ኋላ ሳበች። ሰፈሩ እንደ ልማዱ አጥሩ ላይ ነው።

«ሰብሰብ ያደረግኋችሁ» አለች ዲንቄ ቆማ፣ «ጋሽ ወልደትንሣኤን ምን እንደገደለው ስላወቅሁ ነው። አጥሚት አይደለም። ድመቲቱ በሕይወት አለች፤ ዘኪያም ጠጥታለች። ሰውየው ከዓርብ ጀምሮ ታሞ ነበር። እሑድ ሌሊት ትርፍ አንጀቱ ፈነዳ። ሰኞ ጠዋት ዳንሁ ብሎ የሳቀው የሞቱን መጀመሪያ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል እንዲያዩልኝ የለመንኳት አንዲት ቦታ እሷ ነበረች። ፈንድታ ተገኝታለች።»

«ወጥቶለት የለ እንዴ!» አለች እትዬ ታየች።

«ማን አለ?»

«ማን አለ? ሁሉም! ኣድያም ናት የነገረችኝ።»

«እኔ ከስልኩ ነው የሰማሁት» አለች ኣድያም ግራ ተጋብታ። «በየቀኑ "የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምናዬ" ሲላቸው። ኢንሹራንሱም ከፍሏል እኮ፤ ከማደንዘዣው በቀር።»

«ከፍሏል። እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ኢንሹራንሱ የከፈለበት ቀዶ ሕክምና አለ፤ ጋሽ ወልደትንሣኤ ሆድ ላይ ግን ምንም ምልክት የለም። ዶክተር፣ አሜሪካኖች ጠባሳ አይተዉም?»

«ይተዋሉ» አለ ሙከሚል አንገቱን ደፍቶ። «ትንሽ ነው እንጂ ይተዋሉ። ትናንት ማታ አነበብኩ።»

«ታዲያ የተቀደደው ማነው? ኣድያም፣ ትናንት "ወልደትንሣኤ ነኝ" ብለሽ ስትነግሪያት ሴትዮዋ ምን አለችሽ?»

«"እሺ አቶ ወልደትንሣኤ።"»

«በሴት ድምፅ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ካርዱን የያዘ ሁሉ ወልደትንሣኤ ነው። እዚህ ሰፈር የነፃ ሕክምና ወረቀት ያለው ለጎረቤቱ ያውሳል፤ ማንም ነውር አይለውም፤ ጽድቅ ነው። ጋሽ ወልደትንሣኤም የሰንጋ ተራ ልጅ ነው፤ ልማዱ ያው ነው። የቸገረው ሰው ሲያይ ካርዱን አዋሰ። ለማን? አሜሪካ አብሮት ለኖረ፣ ወንድ ለሆነ፣ ኢንሹራንስ ለሌለው። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ሰው አንድ ነው።»

ማንም ሰው ወደ ፀጋዘአብ አልዞረም፤ ሁሉም ግን አየው።

«እኔ አስታመምሁት አልኩ እንጂ…» አለ ፀጋዘአብ።

«አዎ። "ትከሻውን አሞት ነበር" አሉኝ። ዶክተር፣ ሆድ የተቀደደ ሰው ትከሻውን ያመዋል?»

«በቀዳዳ ሲሠራ፣ አዎ። ጋዙ ነው። ያን የሚያውቅ ወይ ሐኪም ነው፣ ወይ የተሠራለት።»

«ወይ ያስታመመ» አለ ፀጋዘአብ ቶሎ።

«ወይ ያስታመመ» አለች ዲንቄ። «ግን ጋሽ ወልደትንሣኤ አልተቀደደም። ያልተቀደደን ሰው ትከሻ ማን አስታመመው? አቶ ፀጋዘአብ፣ እዚህ ሴቶች አሉ፤ ቢፈልጉ ከዶክተሩ ጋር ወደ ጓዳ ይግቡና ሸሚዝዎን ይግለጡ።»

ፀጋዘአብ አልተነሣም። ጃኬቱን ከፈተ፤ ሸሚዙን እዚያው ከሱሪው መዘዘ። እምብርቱ ሥር፣ በግራው፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ መስመሮች ነበሩ። አጥሩ ላይ ያለው ሰፈር አንድ ላይ ተነፈሰ።

«በረዶ ነበር» አለ ፀጋዘአብ። የሳቁ ድምፅ ሄዶ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስል ነበር። «ወለሉ ላይ እየተንከባለልሁ ነው። ካርዱን ኪሴ ከተተና "ተነሥ፣ በእኔ ስም ታመም" አለኝ። በቃ። በእሱ ስም ታመምሁ።»

«ከዚያ የማደንዘዣው ጣጣ በእሱ ስም መጣ» አለች ዲንቄ። «እሱም እርስዎን ላለማጋለጥ "አዎ ተቀድጃለሁ" እያለ ዓመታት ተከራከረ። ሰፈሩም ሰምቶ አመነ። ቅዳሜ ዕለት ዶክተሩ ብዕሩን ሲያነሣ፣ እትዬ ታየችና ኣድያም የሚያምኑትን ተናገሩ። ከሦስቱ እውነቱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። "ጠባሳ አይተዉም" የሚለውን ሳቅ ማን ጀመረው?»

«እሱ ነው!» አለች እትዬ ታየች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ ተከትዬው ነው የሳቅሁት። አምላኬ! እኔም ነኝ የገደልሁት?»

«እርስዎ የሰሙትን አወሩ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት።» ዲንቄ ወደ ፀጋዘአብ ተመለሰች። «ሆስፒታል ቢገባ የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነበር። ያን ጊዜ ከአንድ ሰው ሆድ ሁለተኛ ትርፍ አንጀት ወጣ ተብሎ ይመዘገባል። ይመረምራሉ፤ እርስዎ ጋ ይደርሳሉ፤ ዜግነቱ ይቀራል። አይደል?»

«ይድናል ብዬ ነበር» አለ። «ማስታገሻው ይይዘዋል ብዬ። እኔ ከተመለስሁ በኋላ፣ ቃለ መጠይቁ ካለፈ በኋላ…»

«ኢንሹራንሱን ትተው ከኪስዎ ሊያሳክሙት አይችሉም ነበር?»

ፀጋዘአብ የጃኬቱን ጠርዝ ጨበጠ። የጃኬቱ ቆዳ ብቻ ሲጨማደድ ተሰማ።

«እሱስ ለምን አዎ አለ?» ብላ ኣድያም አለቀሰች። «እየሞተ ለምን?»

«ዶክተሩ ሲጠይቀው ያመጡትን ሰዎች አየ» አለች ዲንቄ። «ሦስታችሁንም ግን አልነበረም።»

«እኔን ነው ያየኝ» አለ ፀጋዘአብ። «"እንደሚሻል አድርግ፣ አንተ ታውቃለህ" ዓይነት አስተያየት ነው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።»

«አዩ፣ አቶ ፀጋዘአብ» አለች ዲንቄ ዝግ ብላ፤ «እርስዎ በእሱ ስም ታመሙ። እሱ ለራሱ የሚታመምበት ስም አጣ። በዚህ ምድር ላይ እሱ አልተቀደደም ብሎ የሚመሰክርለት ሰው ቢፈልግ እንኳ ያለው እርስዎ ብቻ ነበሩ። አንድ ሰው ብቻ ያለው ሰው፣ ያ ሰው እንዳይጠፋበት ብዙ ያደርጋል። ሕጉ ምን እንደሚል ዐቃቤ ሕግ ይነግርዎታል። ይነሡ።»

ተነሣ። ሸሚዙን መመለስ ረስቶት ነበር፤ ፖሊሱ ነው ጃኬቱን ዘግቶለት ይዞት የወጣው። ሰፈሩ መንገድ ለቀቀ፤ የሰደበው የለም፤ ያናገረውም የለም።

ዲንቄ ወደ ዘኪያ ዞረች። «ጨርሰናል። መዝገብሽ ይዘጋል፤ ነጻ ነሽ። ዛሬውኑ ጣቢያው ሄጄ አስፈርሜ እጨርስልሻለሁ።»

ዘኪያ እጆቿን አየቻቸው። ከዚያ ቆመች። ያን ጊዜ ነው ግቢው እንደ ጎርፍ የገነፈለው። ትናንትና ፀጉሯን የጎተተች ጎረቤት እግሯ ላይ ልትወድቅ ቃጣት። የድመቷን ማቃሰት የሰማው ሰውዬ እንኳ ከአጥሩ ወርዶ፣ እሱ ከመጀመሪያውም እንዳላመነ ለአጠገቡ ሰው ይምላል። እትዬ ታየች እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች መጣች።

«አፉ በይኝ፣ የኔ ልጅ! ምላሴ ይቆረጥ! ያንን ሰው በወር አንዴ እንኳ ቤቱ ገብቼ አልጠየቅሁትም፤ ደርሼ ባለቀብር ሆንኩበት። ነይ፣ ነይ ቤቴ ግቢ፤ ዛሬ ብቻሽን አትውዪም!»

«አፉ ብያለሁ፣ እትዬ» አለች ዘኪያ።

«ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው። አላህ ለሁላችንም ይበለን።»

ሁሉም እፎይ አሉ። አንዷ «ነገ ከጠዋት ጀምሮ ሳምቡሳሽን እኔ ነኝ የምገዛው» አለች፤ ሌላዋ «አሥር ለእኔ» አለች። ዘኪያ ለእያንዳንዳቸው «ኢንሻአላህ» እያለች በመካከላቸው አለፈች። ከኣድያም ዘንድ ስትደርስ ብቻ ቆም ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ቀስ ብላ ሄዳ ክፍሏ ገባች።

እትዬ ታየች ተከትላት ልትገባ እግሯን አነሣች። በሩ ግን ተዘጋ፤ ከውስጥ በኩል መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ዲንቄም ሰማች። ሰዉ ቆሞ ይከፈት እንደሆን ጠበቀ፤ ኋላ አንድ አንድ እያለ ወደየቤቱ ገባ።